የሦስት ቀን ፖስታ

ጥቅምት 6

ወንድም ጋሼ፣

በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ከናፍቆትና ከጉንፋን በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከጨጓራ ናሙናዎቹ ጋር በበረዶ ሣጥኑ ክዳን ሥር ተጣጥፎ ደርሶኛል። ናሙናውን የሚያመላልሰው ሾፌር ሲያስረክበኝ «ይሄ ደግሞ የማን ጨጓራ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጠርዙ ትንሽ ረጥቧል እንጂ ይነበባል።

ለምን በስልክ አናወራም ላልከው፣ መልሱን አንተም አታጣውም። ስልኩ ያለው መድኃኒት ቤትህ ባንኮኒ ላይ ነው። እማ ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ ካለው ወንበሯ አትነሳም። እኔ አንድ ነገር ስነግርህ አንተ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ስታድበሰብስ፣ እሷ ፊትህን አይታ ነገሩን ትጨርሰዋለች። ፊደል ባትቆጥርም ፊት በማንበብ ማን ብሏት። በዚያ ላይ ሦስት ደቂቃ ካወራን መጣላታችን አይቀርም። ሾፌሩ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚመላለስ በየሁለት ሳምንቱ እንጻጻፍ። ወረቀት ላይ ቢያንስ አንዳችን እስኪጨርስ ሌላው ዝም ይላል።

ስለ ሥራዬ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ «ብርጭቆ ነው የምታጥቢው?» ስትለኝ ኖረህ አሁን ጠየቅህ። የሦስት አካባቢ ሰዎችን የጨጓራ ባክቴሪያ እናወዳድራለን። አንደኞቹ ከተራራው ማዶ ያሉት ናቸው፣ መድኃኒት ቤት ከተከፈተላቸው ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለተኞቹ የእናንተ ከተማ ሰዎች ናቸው። ሦስተኞቹ እዚህ ያለነው። ናሙናውን ሐኪም በአፍ በሚያስገባው ቱቦ ከጨጓራቸው ይወስዳል፣ ቱቦው እናንተ ጋ በየጊዜው ይመጣል። ይህ ባክቴሪያ ከሰው ጋር የኖረ አሮጌ ጎረቤት ነው። ሰው ሲሰደድ አብሮ ተሰዷል፣ ሕዝብ ሲለያይ እሱም ተለያይቷል። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ከገባ በኋላ ዕድሜ ልክ ይኖራል። እኔ ከናሙናው ላይ አሳድገዋለሁ፣ ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውና የትኛውን እንደለመደው አያለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ቁጥር 17 እማ መሆኗን ባትነግረኝ ይሻል ነበር። ናሙናው ላይ ስም የማይጻፈው እንደኔ ያለችው ዘመዷን ለይታ እንዳታይ ነው። አንዴ ከነገርከኝ ግን ምን ይደረጋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ውጤት አትጠብቅ። ባክቴሪያው ራሱ ቀርፋፋ ነው፣ ወረፋም አለብኝ።

እስከዚያ ድረስ እባክህ ምንም አንቲባዮቲክ አትስጣት። እስካሁን ስንት ጊዜ እንደሰጠሃትም ጻፍልኝ።

ታናሽህ

—

ጥቅምት 20

ለትንሿ፣

ጉንፋንሽ እንዴት ሆነ? መድኃኒት ውሰጂ አልልሽም፣ እንደማትወስጂ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሽ የሰጠሁሽን ክኒን ሁሉ በር ላይ የነበረው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ትተፊው እንደነበር የደረስኩበት አበባው ሲደርቅ ነው።

በሾፌሩ የላክሽልኝን ይቅርታ አልቀበልም፣ ምክንያቱም አልተቀየምኩም። «የሦስት ቀን ፖስታ አሁንም አለ ወይ?» ብለሽ በሾፌሩ አፍ መላክሽ ግን ትንሽ ቆርቁሮኛል። ለሱ ምን አገባው? ያም ሆነ ይህ፣ አዎ፣ አለ። ከተማው ሁሉ «ባለ ሦስቱ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሐኪም ሳልሆን ሐኪም ከሚሉኝ ይሄኛው ይሻላል።

ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። መንገዱ የተዘጋበት ክረምት ድልድዩ ሲወሰድ፣ መደርደሪያዬ ላይ የነበረው መድኃኒት ለአርባ ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። ተቅማጡ ግን ቤት ለቤት እየዞረ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ለእያንዳንዱ የሦስት ቀን ብቻ ሰጠሁ። «ከተሻለህ አቁም፣ የቀረው ለሌላው ይድረስ» አልኩ። በዚያ ክረምት ከኛ ሰፈር አንድ ሰው አልሞተም። ፖስታውን ያጠፈው ማን ነበር? አንቺ ነሽ። ከደብተርሽ ገጽ እየገነጠልሽ፣ በእንጀራ እናት ዓይን እያየሽኝ፣ መቶ ምናምን አጥፈሻል። መንገዱ ሲከፈት አንቺ ለትምህርት ሄድሽ፣ ፖስታው እኔ ጋ ቀረ። ሰውም ለመደው። ብዙ ክኒን ስትሰጪው ፊቱን ያጨማድዳል፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ ይላል። ሦስት ቀን ሲሆን ግን ይውጣል፣ ይሻለዋል፣ ይመርቀኛል። ላልተሻለው ደግሞ ሌላ የሦስት ቀን አለ።

እማ ደህና ናት። ትበላለች ማለት እችላለሁ። ደብዳቤሽን አንብብልኝ ስትለኝ አነበብኩላት፣ ማለት የሚነበበውን አነበብኩላት። ስንት ጊዜ ሰጠሃት ላልሽው፣ ቆጥሬ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቁጥር 18 የአንድ ደንበኛዬ ነው። ግትር ሰው ነው፣ እንደኔ ዓይነት። የሱንም ውጤት ከእማ ጋር ብትነግሪኝ።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 5

ወንድም ጋሼ፣

ቆጥሬ እጽፋለሁ ያልከውን አልጻፍክም። ለመቁጠር ሁለት ሳምንት ከፈጀብህ ከአምስት በላይ ነው ማለት ነው።

17 አድጓል። የምነግርህን እንደ እህትህ ሳይሆን እንደ ላብራቶሪ ሠራተኛ ስማኝ። ባክቴሪያው ሳህን ላይ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል። ከዚያ መድኃኒት የነከርናቸውን ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ላይ እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ንጹሕ ክብ ይታያል። ከተራራው ማዶ በመጡት ሳህኖች ላይ ክቡ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ሰፊ ነው፣ በሁሉም መድኃኒት። እዚህ ከተማ ግማሽ በግማሽ ነው። የእናንተ ከተማ ሳህኖች ላይ ግን፣ ጋሼ፣ ባክቴሪያው የወረቀቱን ጠርዝ ተደግፎ ነው የበቀለው። የክፍሉ ኃላፊ ተሳስተን እንደሆነ ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይለይም።

እማ አንተ ለምትሸጣቸው ሦስት መድኃኒቶች ለሦስቱም ክብ የላትም።

ሰው በሦስት ቀን የሚሻለው ደካማው ባክቴሪያ ስለሚሞት ነው። ብርቱው ይተርፋል። ደካማ ጎረቤቶቹ ሞተውለት ቦታው ሁሉ የሱ ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ ሕመሙ ሲመለስ የሚመለሰው እሱ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሌላ የሦስት ቀን ትሰጠዋለህ። ክፉ ስላሰብክ አይደለም። በደግነት ነው ያደረግከው፣ እኔም አጥፌልሃለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለሁለታችንም ነው።

ከእንግዲህ ለማንም የሦስት ቀን አትስጥ። እማ ስንት ኪሎ እንደሆነች መዝነህ ጻፍልኝ። «ትበላለች ማለት እችላለሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

—

ኅዳር 19

ለትንሿ፣

ሰባት ጊዜ። ይኸው ቆጠርኩልሽ። ሁለቴ ለጨጓራዋ፣ አንዴ ለጥርሷ፣ ሁለቴ ለሳሏ፣ አንዴ ምስማር ሲወጋት፣ አንዴም ለምን እንደሆነ አላስታውስም። ሁሉም የሦስት ቀን ነበር። ሁልጊዜም ተሽሏት ነበር።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። ሰው ገደልክ ልትዪኝ ፈልገሽ ቃሉ ስለከበደሽ ነው በባክቴሪያ ተረት የዞርሽብኝ። አሥራ አምስት ዓመት ጠዋት ከፍቼ ማታ ስዘጋ፣ የሆስፒታሉ ወረፋ በማያልቅበት ከተማ ልጁን ታቅፎ የሚመጣውን ሰው ማን ያስተናግደው ነበር? ሳህኑ? አንቺ ከበረዶ ሣጥን የሚወጣውን ቁጥር ታያለሽ። እኔ ፊቱን አያለሁ።

ይህን ጽፌ ለሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ልቀደው ፈልጌ። ሳልቀደው ሾፌሩ መጣ። ስለዚህ እንዳለ ተቀበይው፣ ከሥር ደግሞ ይቅርታ ጨምሬበታለሁ።

አርባ አንድ ኪሎ ናት። ባለፈው ዓመት አምሳ ሦስት ነበረች። ቀሚሷን ራሷ አጥብባ ሰፍታው ስለነበር አላስተዋልኩም። በደብዳቤሽ ምን አለች ስትለኝ «ሳቂ፣ ብዪ፣ ቶሎ እመጣለሁ ብላለች» አልኳት። አንቺ ያልጻፍሽውን ብዙ ነገር ጽፈሻል በኔ አፍ። ባለፈው ጊዜ እንዲያውም ጫማ እንደምትልኪላት ነግሬያታለሁና፣ ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው።

18ን ረሳሽው። ደንበኛዬ ይጠይቀኛል።

—

ታኅሣሥ 3

ወንድም ጋሼ፣

18ን አልረሳሁትም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ የአንተን ሆድ ሳህን አወጣው።

የ17ንና የ18ን ባክቴሪያ ዘረ መላቸውን አነበብን። አንድ ናቸው። የአንድ ከተማ ሰው መሆን ብቻውን እንዲህ አያመሳስልም። እንዲህ የሚመሳሰለው ከእናቱ የተቀበለ ልጅ ነው። እማ ደግሞ ከኛ ከሁለታችን ሌላ ልጅ የላትም፣ እኔ ደግሞ ናሙና በተወሰደበት ቀን እዚያ አልጋ ላይ አልተኛሁም። «ግትር ደንበኛ» አልከኝ! መቼ ነው የጀመረህ? ስንት ጊዜ ለራስህ የሦስት ቀን ሰጠህ? ቁስል እንዳለብህ ሐኪሙ ነግሮሃል፣ ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ። በጣም ተናድጄብሃለሁ። በጣምም ፈርቻለሁ።

ከዚያ ራሴ ቱቦውን ዋጥሁ። እዚሁ ሆስፒታል፣ በምሳ ሰዓት፣ ጓደኞቼ ይዘውኝ። የኔም አደገ። የኔም የእማ ነው፣ የአንድ ቤት ልጅ መሆኑ ገና ከሩቁ ያስታውቃል። ሳህኑን ስከፍተው ግን፣ ጋሼ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ንጹሕ ክብ ነበረ። ልክ ከተራራው ማዶ እንደመጡት። እኔ ከቤት የወጣሁት መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ነው፣ ክኒንህን ደግሞ ለአበባው ነበር የምሰጠው። በሆዴ ይዤው የወጣሁት የእማ ባክቴሪያ መድኃኒት ሳያውቅ የቀረው ነው። እናንተ ጋ የቀረው ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት የሠለጠነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያ ፖስታ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም። ካልጻፍኩት ግን አታምነኝም፣ ካላመንከኝ ደግሞ የሚቀጥለውን በትክክል አታደርገውም።

የሚቀጥለው ይህ ነው። ለእማና ለአንተ ባክቴሪያ አሁንም የሚሠራ አንድ ጥምረት አግኝተናል። አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ለአሥራ አራት ቀን። የጨጓራ ሐኪሙ ውጤታችሁን አይቶ አዝዞላችኋል። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ከረጢት አለ፣ አንዱ የእማ፣ አንዱ ያንተ። ከዚህ በኋላ ሌላ የማውቀው የለም። ስለዚህ አሥራ አራት ማለት አሥራ አራት ነው፣ አሥራ ሦስት አይደለም። ባዶ ማሸጊያውን በየቀኑ ቁጠር።

ሁለት ነገር ይከሰታል። አፏን ይመርራታል። ሰገራዋም ጥቁር ይሆናል፣ ከመድኃኒቱ አንዱ እንዲህ ያደርጋል፣ አትደንግጡ።

ጫማውን ገዝቻለሁ። ሠላሳ ሰባት።

—

ታኅሣሥ 28

ትንሿ፣

አለቃሽ አጠገብሽ ናት? ሾፌሩ ይህን ደብዳቤ ለእሷ እንዲሰጥና እሷ እንድትሰጥሽ ነው ያዘዝኩት። ቁጭ በይ።

እማ ታኅሣሥ 19 ጠዋት ሞተች።

ሌላ አጻጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስድስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ባለፈው ሾፌሩ ባዶ እጁን የመጣው ረስቶ ሳይሆን እኔ ደብዳቤ ስላልሰጠሁት ነው። ለቀብሯ ያልጠራሁሽ ፈርቼ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። መጥተሽ ፊቴን ስታዪ ምን እመልስልሻለሁ ብዬ ነው።

መድኃኒቱን በደረሰ ማግስት ጀመረች። ጠዋት ስነሳ ባዶ ማሸጊያውን ታሳየኛለች፣ እቆጥራለሁ፣ ልክ ነው። በአራተኛው ቀን «የሚያቃጥለኝ ለቀቀኝ» አለች። ግማሽ ሳህን በላች። እኔም ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሰገራዋ እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት «ልጄ እንዳለችው ነው፣ ጠቁሯል፣ አትደንግጥ» አለችኝ። አልደነገጥኩም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። ስትገረጣ መድኃኒቱ ከብዷት ነው አልኩ። ደረጃ ስትወጣ ስታርፍ እርጅና ነው አልኩ። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፊት አያለሁ የምልሽ ሰውዬ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ማታ ከወንበሯ ስትነሳ ወደቀች። ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ቁስሉ ለቀናት ሲደማ ነበር አለኝ፣ ጥቁሩም ደም ነው አለኝ። መድኃኒት ላይ ነች እኮ አልኩት። «የትኛው መድኃኒት?» አለ፣ ከዚያ እሷን ጠየቃት።

እማ ወደኔ ዞረች። ድምጿ ደክሟል እንጂ አእምሮዋ ሙሉ ነበር። እንዳለችው እጽፍልሻለሁ፦ «አትቆጣ። እኔ እኮ በሦስት ቀን ዳንኩ። የቀረውን ለአምስት ሰው አደረስኩት።»

ገባሽ? ከባንኮኒው ጀርባ ያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሥራ አምስት ዓመት የሰማችው ይህንኑ ነው። «ከተሻለህ አቁም፣ የቀረው ለሌላው ይድረስ።» በቀን ሃያ ጊዜ፣ በገዛ ልጇ አፍ። አሥራ አራቱን ቀን እንድትወስድ የአንቺን ደብዳቤ አንብቤላታለሁ፣ በዚህኛው አልዋሸሁም፣ ቃል በቃል ነው ያነበብኩላት። እሷ ግን ጎረቤቶቿ ሆዳቸውን እንደያዙ እሷ ብቻዋን ለአሥራ አራት ቀን መዋጥ ነውር ሆነባት። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ክኒኑን ከማሸጊያው እያወጣች በኔ ፖስታ እየከፈለች ለሰፈር አደለችው። ማሸጊያውን ደግሞ እንዳልጨነቅባት አስቀመጠችልኝ። እኔ ባዶውን እየቆጠርኩ «ጎበዝ» እላት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወራችው። ጫማው ደረሰ ወይ አለችኝ። ደርሷል አልኳት።

የኔ ከረጢት አልተከፈተም። እሷን ቢያስመልሳት መጠባበቂያ ይሁናት ብዬ አስቀምጬው ነበር።

ወንድምሽ፣ እንደዚያ ማለት የሚቻል ከሆነ

—

ጥር 25

ወንድም ጋሼ፣

በስልክ ስትደውል ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። ለአለቃዬ ሁለት ጊዜ እንደደወልክም ነግራኛለች። እበላለሁ ወይ ላልከው፣ እበላለሁ። ሥራ እገባለሁ ወይ ላልከው፣ እገባለሁ።

ለምን አልጠራኸኝም? ምክንያትህን አንብቤዋለሁ፣ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። እኔ እኮ እዚህ ጫማ እያሸግሁ ነበር። እሷ ከተቀበረች ከአራት ቀን በኋላ፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ክሩን ጥሩ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ይህን እስክሞት ይቅር የምልህ አይመስለኝም። እንዲህ ብዬ ልጽፍልህ አንድ ወር ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገርም መጻፍ ነበረብኝ፦ «አትደንግጡ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥቁሩ ከቀጠለ፣ ከገረጣች፣ ከደከማት ሐኪም ዘንድ ሩጡ የሚል አንድ መስመር መጨመር ነበረብኝ። አልጨመርኩም። ላብራቶሪ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝና ለሰው መድኃኒት ማዘዝን ከወረቀት ላይ ገልብጬ ነው የጻፍኩልህ። ፖስታውንም አጥፌያለሁ። ስለዚህ አንተን ስወቅስ የምወቅሰው ሰው አንድ ብቻ አይደለም።

ሥራ ላይ 17ን በጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ሦስተኛው መሳቢያ። አይሞትም፣ ሲያስፈልግ ይቀሰቀሳል። በር ስከፍት ቁጥሩን አያለሁ። ሥራ ነው፣ አያለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና አትሳቅ። ሐኪሙ የኔን በቀላሉ መድኃኒት በሁለት ሳምንት አጠፋልሻለሁ አለኝ። ለሱ እንደ ጥሩ ዜና ነው የነገረኝ። እኔ ግን አልፈልግም። ልጅ ሳለሁ ምግቡን አላምጣ ስታጎርሰኝ የገባ ነው። እማ ገና ወፍራም ሳለች፣ ገና ስትስቅ፣ ገና ያንተ ሱቅ ሳይከፈት የነበረችው እማ ማለት እሱ ነው። ሌላ የቀረኝ የለም። ይኑር።

እነዚያን አምስት ሰዎች ፈልጋቸው። የተረፋቸውን ሁሉ ሰብስብ። ይህን እንደ እህትህ ሳይሆን እንደ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው የምልህ።

—

የካቲት 10

ለትንሿ፣

አልሳቅሁም።

አምስቱን አግኝቻቸዋለሁ። አንዷ የኛው ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ናት። ሁለት ቀን ውጣ ተሽሏት የቀረውን ለባሏ ሰጥታዋለች። እሱም ግማሹን ለወንድሙ። እንዲህ እያልኩ ስዞር አምስቱ ዘጠኝ ሆኑ። ሁሉም በኔ ፖስታ ነበር ያስቀመጡት፣ ሁሉም «እናትህ ነፍሷን ይማርና ደግ ነበረች» አሉኝ። የተረፈውን ሰበሰብኩ። ዘጠኙንም በሚቀጥለው ወር ቱቦው ሲመጣ እንዲታዩ አስመዝግቤያለሁ፣ ናሙናቸው ይደርስሻል። የመጨረሻውን መድኃኒት ከፍለው የቀመሱ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ምን እንደምታዪባቸው አውቃለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር፣ ግን ጮኬያለሁ። ፖስታውን አቆምኩ። ሙሉውን የማይወስድ አንድም አይወስድም ብዬ በር ላይ ጻፍኩ። ደንበኞቼ ተቆጡ። «ባለ ሦስቱ እናቱ ስትሞት ጨከነ» ይሉኛል። ግማሾቹ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቅ ይገዛሉ፣ እዚያ የሁለት ቀንም ይሸጣል። እኔ አስተማርኳቸው፣ አሁን ላስረሳቸው አልቻልኩም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው።

አሁን ወደ አንቺ። በዚህ ሣጥን ውስጥ የላክሁልሽ ከረጢት አለ። ያው የድሮው መድኃኒት ነው፣ ከመደርደሪያዬ ላይ ያነሳሁት። ውጤትሽን ይዤ ለኛው ሆስፒታል ሐኪም አሳይቼ ነው ያሳዘዝኩት፣ ያንቺውም ሐኪም ይየው። እዚህ ከተማ ለጨጓራ ማንንም አያድንም። አንቺን ግን ያድናል። በዚህ ከተማ ተወልዶ ይህ መድኃኒት የሚያድነው ሰው ከአንቺ ሌላ የቀረ አይመስለኝም።

ያ ሆድሽ ውስጥ ያለው እማ አይደለም። እማን የገደላት የሱ ወንድም ነው። ዛሬ ዝም ብሎሻል፣ እማንም ሠላሳ ዓመት ዝም ብሏት ነበር። ከእናትሽ የወረስሽው ነገር ከፈለግሽ እልኸኝነቷ አለሽ፣ እሱ ይበቃሻል።

አሥራ አራት ቀን። ሙሉውን በራሴ እጅ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ፖስታ ውስጥ አላደረግሁትም። ከመደርደሪያዬ ለቤቴ ሰው ሙሉውን ስሰጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለሌላ አታድርሺ፣ ከተሻለሽ አታቁሚ፣ የአበባ ማሰሮ ካለሽ አርቂው። አንዲት እንዳታስቀሪ።

ወንድምሽ

—

የካቲት 26

ወንድም ጋሼ፣

ባዶ ማሸጊያዎቹን አብሬ ልኬልሃለሁ። ነገር ግን ባዶ ማሸጊያ ምስክር እንደማይሆን ሁለታችንም ስለተማርን፣ እያንዳንዱን የዋጥሁት አለቃዬ ፊት ቆሜ ነው። ጠዋት ሥራ ስገባ አንድ፣ ማታ ከመውጣቴ በፊት አንድ። ሁለቱን ቅዳሜና ሁለቱን እሑድ ቤቷ ድረስ ሄጃለሁ። ከሥር የፈረመችው እሷ ናት።

በአራተኛው ቀን ምንም አልነበረኝም፣ ድሮም ምንም ስላልነበረኝ። ያን ቀን ነው እማ የገባችኝ። ደህና ሆኖ መዋጥ በጣም ይከብዳል። የሌላ ሰው ድርሻ የምትበላ ይመስልሃል። አልቅሼ ዋጥሁት።

ትናንት አለቀ። በወሩ ተመርምሬ ነው መጥፋቱ የሚረጋገጠው፣ ይጠፋል ግን፣ ሳህኑን አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ የእማ ባክቴሪያ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌላው አንተ ሆድ ውስጥ።

ያልተከፈተውን ከረጢት እንዳትነካው። የአሥራ ስድስት ቀን ፈቃድ አውጥቻለሁ። ቅዳሜ በአውቶቡስ መጥቼ እማ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ አንተም በቀን አራት ጊዜ እኔ እያየሁህ ትውጣለህ፣ ከዋጥክ በኋላም አፍህን ትከፍትልኛለህ። ይሥራ አይሥራ አላውቅም። የዘጠኙን ጎረቤቶች ሳህን ገና አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር ማየትም ፈርቻለሁ።

ስለ ቀብሩ እስካሁን ይቅር አላልኩህም። ጫማውን ይዤ እመጣለሁ፣ የት እንደምናስቀምጠው አንተ ታሳየኛለህ።

ታናሽህ